ግማሽ በሬና ሁለት ጥማድ መሬት



አንድ ጥያቄ እናስቀድም። የአባታችሁን ስም ታውቃላችሁ፤ የአያታችሁንም እንዲሁ። የቅድመ አያታችሁንም ስም የምታውቁ ጥቂት አትሆኑም። ግን ምን ያርሱ ነበር? ስንት በሬ ነበራቸው? ለማን ምን አበደሩ? የማንንስ ሐቅ ሳይመልሱ ሞቱ? ይህንን ጥያቄ በምናስተምርበት ክፍል ለተማሪዎቻችን ባቀረብን ጊዜ ከስም ያለፈ ነገር የተናገረ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ረጅም ነበሩ ይባላል» አለን። ተሳሳቅን። ማታ ቤታችን ስንገባ ግን ሳቁ ወደ ራሳችን ዞረ። እኛስ ብንሆን ስለ ቅድመ አያታችን «ገበሬ ነበሩ፣ ደረሳም ነበሩ» ከማለት በቀር ምን እናውቅ ነበር?

ቅድመ አያታችን ያረሱት ወሎ ውስጥ፣ ቃሉ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የሄደ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ከተራራው ግርጌ ማሽላ፣ ከፍ ሲል ጤፍ የሚበቅልበት፣ በልግም ክረምትም የሚጠበቅበት፣ አንዱ ሲቀር ሌላው የሚያስጨንቅበት አገር ነው። የርሳቸው ቤት ዛሬ የለም። ማሳውም በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። የቀረን ነገር ቢኖር ከአያታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግንበት አንድ የቆዳ ማህደር ነበር። ልጆች ሳለን እንዳንነካው እንከለከል ነበር። ሴቶቹ ሂርዝ ያለበት ይመስላቸው ነበርና በአጠገቡ ሲያልፉ ቢስሚላህ ይላሉ። አያታችን በ1990 ዓ.ም. ሲሞቱ ማህደሩ ወደ አባታችን ቤት መጣና ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። አባታችን አማርኛ እንጂ ዐረብኛ አያነቡም። እኛ ደግሞ ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ሁለቱንም ብንማርም፣ እዚያው ቤታችን ያለውን ለማንበብ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተነሳንም። ይህ ጥፋታችን ነው።

የከፈትነው ባለፈው ዓመት በረመዷን ወር፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ነበር።

ከማህደሩ የወጣው

መጀመሪያ የወጣው ቁርአን ነው፤ ጠርዙ የተበላ፣ ነገር ግን አንድም ቅጠል ያልጎደለበት። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ከፊሉ ዐረብኛ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ማለትም የወሎ ዑለማእ ዐጀም የሚሉት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያልረገጡ ገበሬ በገዛ ቋንቋቸው የልጆቻቸውን ልደት መዝግበዋል! «በጌታ ለሦስት ዓመት ደረሳ ነበሩ» የሚባለው እውነት መሆኑን ያመንነው ያኔ ነው። ጌታ በቃሉ ምድር ትልቅ የዒልም ማዕከል እንደነበረ የማያውቅ የወሎ ሰው አይኖርም።

ገጹ አራት ልጆችን ይዘረዝራል፤ ሦስት ወንዶች፣ መጨረሻ አንዲት ሴት። ከየልደቱ አጠገብ ስለ ዝናብ አንዳንድ ቃል ተጽፏል። «ማሽላው ሲያሽት»፤ «በልጉ የቀረ ጊዜ»፤ «የበሬው ሞት»። ገበሬ ናቸውና ልጅና ሰብል በአንድ ገጽ ላይ ነው የዋሉት። የሴት ልጃቸው ልደት ረጀብ 1365 ዓ.ሂ. ይላል። ስናሰላው ሰኔ 1938 ዓ.ም. ላይ ይውላል። እኚህ ሴት የአባታችን አክስት ናቸው፤ እኛም አክስታችን እንላቸዋለን። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም በሕይወት አሉ። በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ግን የትውልድ ዘመናቸው 1946 ነው። ስምንት ዓመት ተሰርቆባቸው ኖረዋል ማለት ነው።

የራሳቸው የቅድመ አያታችን ልደት አልተጻፈም። ማን ይጽፈዋል? እንዲህ ያለውን ለማወቅ ያለው መንገድ ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ከታወቀ ዘመን ጋር ማገናኘት ነው። ቅድመ አያታችን የሰገሌ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም.፣ ጥጃ ይጠብቁ እንደነበር፤ የህዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አገሩን ሲያረግፍ ደግሞ ሬሳ ለሚቀብሩ ሰዎች ውኃ ያመላልሱ እንደነበር ይናገሩ ነበር አሉ። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆነዋል። እንግዲህ 1901 ዓ.ም. ገደማ ተወልደዋል ብንል ብዙ አንሳሳትም። አባታቸው ደግሞ የክፉ ቀን ልጅ ነበሩ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው በእጁ ሲቆፍር ያዩ ናቸው። ለልጃቸው በአደራ መልክ ደጋግመው የነገሩት አንድ ነገር ነበር ይባላል፤ በሬ ከሌለ መሬት መሬት አይደለም። ይህንን ቃል ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ነገር በክር የታሰረ የግብር ደረሰኝ ነው። አሥራ አንድ ናቸው። ግማሾቹ ቀናቸው በአይጥና በጢስ ጠፍቷል። ታዲያ የየትኛው ዘመን እንደሆኑ በምን እንለያለን? ለወጣቶች ይጠቅማል ብለን የሠራነውን ዘዴ እንንገራችሁ፤ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠፋምና።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት መደበ። ከአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር የአሥራት ምትክ፤ ከለም ጠፍ 10 ብርና 30 ብር፤ ከጠፍ 5 ብርና 10 ብር ተወሰነ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ተጨመረ። ከዚያ አሥር ዓመት አለፍ ሲል የጤና ግብር መጣ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። እንግዲህ ደረሰኙ አሥራት ኖሮት ትምህርት ከሌለው ከ1940 በፊት ነው። ትምህርት ኖሮት ጤና ከሌለው ከ1940ዎቹ ነው። አራቱም ካሉበት ከአሥራት መቅረት በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በዚህ ዓይነት አሥራ አንዱንም በየቦታቸው ደረደርናቸው።

ከሁሉ አሮጌው ደረሰኝ 1 ብር ግብርና 3 ብር አሥራት ይላል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። ቅድመ አያታችን የነበራቸው መሬት ደግሞ፣ ኋላ እንደምትሰሙት፣ 16 ጥማድ ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ያህል ነውና 4 ሄክታር፣ ማለትም የጋሻ አንድ አሥረኛ ይመጣል። የለም ጠፍ ሒሳብ ልክ 1 ብርና 3 ብር! ወረቀቱና መሬቱ ሲገጥሙልን እንደ ልጅ ነው የዘለልነው።

ስለ አሥራት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በዝናብ ከበቀለ እህል የሚወጣው ዘካም አንድ አሥረኛ ነው፤ በመስኖ ከሆነ የዚያ ግማሽ። ቅድመ አያታችን የመንግሥቱን ከፍለው የአላህን (ሱ.ወ.) አላስቀሩም። ከአውድማው ላይ ዘጠኝ ቁና ወደ ጎተራ፣ አሥረኛዋ ወደ ሌላ ጆንያ ትገባ ነበር። ቁና ሰፋሪዋ ያቺው ሴት ልጃቸው ነበሩ። «ዘጠኝ ስል አባቴ ዓይኑን ከእጄ ላይ አይነቅልም ነበር» ይላሉ አክስታችን።

ሦስተኛው ወረቀት

ከቁርአኑ የኋላ ሽፋን ውስጥ፣ ቆዳውና ካርቶኑ በተላቀቁበት ቦታ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። ማኅተም አለበት። የቃዲ ፍርድ ቤት የውርስ ክፍፍል ነው፤ ሸዋል 1386 ዓ.ሂ.፣ ጥር 1959 ዓ.ም.። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለቃዲዎች የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የወቅፍና የውርስ ጉዳይ ሥልጣን ሰጥቷቸው ስለነበር የአገራችን ሙስሊም ውርሱን በሸሪዓ ሲያካፍል ኖሯል። ቅድመ አያታችን የሞቱት ሻዕባን 1385 ዓ.ሂ.፣ ማለትም በኅዳርና በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. መካከል ነው። ማሽላ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ወረቀቱ ክፍፍሉ ዓመት ያህል ዘግይቶ መደረጉን ያሳያል።

ክፍፍሉ እጅግ ቀላል ነው። ወራሾቹ አንዲት ሚስት፣ ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው መሠረት ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ለሚስቱ አንድ ስምንተኛ ይወጣል። የቀረው ሰባት እጅ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት፣ ለሴቷ አንድ ሲደርስ ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም። ከ16 ጥማድ መሬት ለየወንዶቹ አራት አራት፣ ለእናት ሁለት፣ ለሴት ልጅ ሁለት። በሬዎቹም አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ለሦስቱ ወንዶች፤ አራተኛው፣ ቦራ የሚባለው፣ ግማሹ የእናት፣ ግማሹ የሴት ልጅ። ግማሽ በሬ! በፍርድ ቤት ማኅተም የጸደቀ ግማሽ በሬ ያያችሁ ስንቶች ናችሁ?

በቤታችን ሲነገር የኖረው ታሪክ ይህ ነበር። አክስታችን አግብተው ሌላ ቀበሌ ሄደው ስለነበር ድርሻቸውን «ለወንድሜ ብያለሁ» ብለው ለአያታችን ተዉት። እንዲያውም ይህ እንደ መልካም እህትነት ምሳሌ ሲጠቀስ ነው ያደግነው። በወሎ ገጠር ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር ስለ መሬት መከራከሯ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ «ሴት ባገባችበት ትረጋለች» ይባል ነበር። ይህ ልማድ እንጂ ዲን አለመሆኑን ዛሬ ለማንም መንገር አያስፈልገንም።

ወረቀቱ ግን እንደዚያ አይልም። በግርጌው በዐረብኛ አንድ መስመር አለ። ትርጉሙም ይህ ነው፤ የሴት ልጅየዋ ድርሻ እስክትጠይቅ ድረስ በታላቅ ወንድሟ እጅ አማና ሆኖ ይቀመጣል። ከሥሩ የአያታችን የጣት አሻራ አለ። የአክስታችንም አለ፤ ትንሽ ናት፤ የሃያ ዓመት ሴት ጣት።

ስጦታ አይደለም፤ አማና ነው።

ለሁለት ቀን ለማንም ሳንናገር ቆየን። አያታችንን እንወድ ነበር። ቁርአን ያስጀመሩን እርሳቸው ናቸው። አማና በልተዋል ብሎ መናገር ቀርቶ ማሰቡ ራሱ ከበደን። ነገር ግን የሟች ዕዳ ከሟች ጋር እንደማይቀበር የተማርነው ከዚያው ከርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠን አይደለምን? በሦስተኛው ቀን፣ ከተራዊሕ በኋላ፣ ለአባታችን አነበብንላቸው። አባታችን ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «እስኪ ድገመው» አሉ። ደገምነው። «ነገ እሷ ዘንድ እንሄዳለን» አሉን።

አክስታችን የነገሩን

አክስታችን ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸውና አእምሯቸው እንደ ወጣት ነው። ከወረቀቱ በፊት የቁርአኑን ገጽ አነበብንላቸው። እንዲህ ያለ ገጽ መኖሩን ያውቁ ነበር፤ ግን ወንዶቹ ብቻ የተጻፉ መስሏቸው ነበር። «እኔም አለሁበት?» አሉ። አሉበት፤ ረጀብ፣ ዝናብ በሌሊት የጀመረበት ቀን። ሦስት ጊዜ አስነበቡን።

ቀጥለን ወረቀቱን አነበብን። አልደነገጡም።

«አማና መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ጣቴን ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም?» አሉ። «እናንተ ናችሁ ያላወቃችሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁም?» አልናቸው።

«ጠይቄያለሁ። አንድ ጊዜ።»

በ1962 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የማሽላ ዘር ሲዘራ፣ ልጅ አዝለው በእግራቸው መጡ። ባላቸው የሰው መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ደክመው ግማሹን ለባለ መሬቱ ያስረክባሉ። እህል ሲሰፈር እያዩ «እኔ እኮ ሁለት ጥማድ አለኝ» የሚለው ሐሳብ ያንገበግባቸው ጀመር። ወንድማቸውን ማሳው ላይ አገኟቸው። ቦራና የአያታችን በሬ ተጠምደው ያርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የአያታችን ነገር የገባን። የቀንበሩ አንዱ ጎን የራሳቸው በሬ ነው፤ ሌላው ጎን ቦራ ነው፣ ማለትም የእናታቸውና የእህታቸው። አክስታችን ድርሻቸውን ቢወስዱ ጥማዱ ይፈርሳል። ቀሪው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ መቀናጆ ፈልጎ፣ የሰው ተራ ጠብቆ ማረስ ይመጣል። ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። በሬ ከሌለ መሬት መሬት አይደለም የሚለው የአባቶች ቃል በአያታችን ጆሮ ውስጥ ነበረ። «አያ እርፉን አልለቀቀም፤ በሬዎቹንም አላቆመም» ይላሉ አክስታችን። «እየሄደ፣ ‹ይህ መኸር ይግባና› አለኝ። እኔም ከኋላው ትንሽ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩ።»

መኸሩ ገባ፤ ኅዳር 1963። አያታችን አልላኩም፤ አክስታችንም ዳግመኛ አልጠየቁም። «ወንድም አንዴ ነው የሚጠየቀው» አሉን። በዚህ እንኳ አንስማማም፤ ሐቅ ሺህ ጊዜም ቢሆን ይጠየቃል። ግን የርሳቸው ዘመን ሴት ሆነን አልኖርንምና ዝም ብለን አዳመጥን።

ከዚያ የ1965 ድርቅ መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ዝናቡ ተቆርጦ ነበር፤ በልጉም ቀረ። ወሎ ምን እንደሆነ ዓለም ያወቀው በ1966 መጀመሪያ፣ ፊልሙ በውጭ አገር ከታየ በኋላ ነው፤ ቃሉ ግን ቀድሞ ያውቀው ነበር። አክስታችን ከአራት ልጆቻቸው ጋር ወደ ወንድማቸው ቤት መጡ። አያታችን አስገቧቸው። ጎተራው ሲራቆት ቦራን ወደ ባቲ ገበያ ነዱት። ከብት ሁሉ የሚሸጥበት፣ ገዢ የሌለበት ጊዜ ነበርና በሬው በአንድ ጆንያ እህል ዋጋ ሄደ። ያችን ጆንያ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በሉ።

ከአራቱ ልጆች ግን አንዱ አልዳነም። ይህንን አክስታችን አልነገሩንም። ከመካከላቸው ታላቂቱ ልጃቸው፣ ዛሬ ራሷ አያት የሆነች፣ ስትሸኘን በር ላይ ነው የነገረችን።

«የቦራን ነገር ሐላል ብያለሁ» አሉን አክስታችን። «አብረን ነው የበላነው። ለእኔ ልጆች ሲል ነው አያ በሬውን ያጣው። የመሬቱን ግን…» ብለው አቆሙ። አልጨረሱትም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሒሳቡ

ከዚህ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል ብለን ነበር፤ ግን ስምንት ወር ፈጀ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አያታችን እንደ ማንኛውም ገበሬ በገበሬዎች ማኅበር ተደልድለው የደረሳቸውን ያዙ። ሁለቱ ጥማድ በድልድሉ ከእጃቸው ወጣ፤ ዛሬ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከአባታችን ወንድሞች ታናሹ በዚህ ተነስተው «መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ከመቃብር አትቀስቅሱ» አሉ። ልባቸው ለአባታቸው ስም ተቆርቁሮ እንደሆነ እናውቃለን። ደግሞም ከነገሩ ሁሉ የሚያሳፍረው እኛው መሆናችንን መካድ አንችልም፤ ያመጣነው ወረቀት ሳይነበብ ቢቀር ኖሮ ሁሉም ሰላም ነበር።

አባታችን ጉዳዩን ለአንድ ዐሊም አቀረቡ። ዐሊሙ ወረቀቱን አይተው፣ ሁሉንም ጠይቀው፣ እንዲህ አስረዱን። ከ1959 እስከ 1962 ባለው ጊዜ መሬቱ በአማና ነው፤ አክስታችንም በዚያ ጊዜ ስላረሱት አልከፋኝም ብለዋል። ከተጠየቀ በኋላ ግን አማናው ተለወጠ፤ ባለቤቷ ጠይቃ የተከለከለችው ነገር ሆነ። መሬቱ እስከተወሰደበት ጊዜ ድረስ ያለው ጥቅም የአክስታችን ሐቅ ነው። መንግሥት ከወሰደው ወዲህ ያለው አያታችንን አይመለከትም። ይህም ዕዳ ከሟች ንብረት ይወጣል። አያታችን ደግሞ ንብረት ሳይተዉ አልሞቱም፤ የቆርቆሮ ቤታቸውን ሸጠን ተካፍለናል። ሳናውቅ ዕዳ ሳናወጣ ነው የተካፈልነው።

ስለዚህ ሒሳብ ተቀመጥን። በዚያ መሬት ያረሱ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው አንድ ጥማድ በደህና ዘመን ሦስት ኩንታል ማሽላ ያስገባል ብለው ፈረዱ። ሁለት ጥማድ ስድስት ኩንታል፤ ላራሹ ግማሹ ሲቀነስ ለባለ መሬቷ ሦስት። ከጥያቄው በኋላ የገቡት መኸሮች አምስት ናቸው። የ1963 እና የ1964 ሙሉ፤ የ1965 ባዶ፤ የ1966 እኩሌታ፤ የ1967 ሙሉ። ሦስት መኸር ተኩል፤ አሥር ኩንታል ተኩል።

በገንዘብ ይሁን ሲባል አክስታችን እምቢ አሉ። «ብር ምን እንደሚያወጣ በየቀኑ ይለዋወጣል። ማሽላ ነው የቀረብኝ፤ ማሽላ ስጡኝ።»

በዚህ ዓመት ኅዳር፣ አዲሱ ማሽላ ሲገባ፣ ከሦስት ገበሬዎች ገዝተን በመኪና አደረስን። ከጆንያዎቹ ሁለቱን ከመኪናው አውርደው በትከሻቸው ያስገቡት እነዚያው «አትቀስቅሱ» ያሉት አጎታችን ናቸው። ከአክስታቸው እግር ሥር ተንበርክከው «ለአባቴ ዐፉ በዪልኝ» አሏቸው። አክስታችን ራሳቸውን ዳሰሷቸው። «ከዛሬ በኋላ የለብኝም፤ አላህ ይማረው» አሉ።

ከዚያም ቁና አስመጡ። አንዱ ጆንያ ተፈትቶ ሰፌድ ላይ እንዲፈስ አደረጉ። ዓይናቸው በደንብ ስለማያይ የልጅ ልጃቸው ትሰፍራለች፤ እርሳቸው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። አሥረኛዋ በሌላ ጆንያ ገባች። ዘካ ይገባበት እንደሆነና እንዳልሆነ ዐሊሙን ጠይቀን እንደነበር ልንነግራቸው አፋችንን ከፈትን፤ ተውነው። ያቺ ጆንያ ለሰፈሩ መድረሳ ደረሳዎች ሄደች።

እኛ በቃዲው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በዐረብኛም በአማርኛም፣ ሐቁ መመለሱን ጻፍን። አክስታችን ጣታቸውን አስቀመጡበት። ወረቀቱን ልናጥፈው ስንል «ቁርአኑን አምጣው» አሉን። አመጣነው። የልጆቹ ልደት የተጻፈበትን ገጽ በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ባዶ ቦታ አለው?» ብለው ጠየቁ።

ከታች የሁለት መስመር ያህል ቦታ ነበር።

«የኔን ልጅ ጻፍልኝ። እዚያ አያ ቤት የቀረውን። ሌሎቹ መታወቂያ አላቸው፤ እሱ ምንም ወረቀት የለውም።»

ስሙን ነገሩን። የተወለደበትን ወር ግን አላስታወሱም፤ «ባቄላ ሲያብብ ነው» አሉ። እንደ አባታቸው አጻጻፍ፣ በዐጀም፣ ስሙን፣ ከጎኑም «ባቄላ ሲያብብ» ብለን ጻፍን። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን ክፍት አድርገው በጉልበታቸው ላይ ያዙት።